ጥንድ ገጸ ባሕርያት፦ ከዳይስ ጨዋታ እስከ «ፍቅር እስከ መቃብር»

በተማሪ ብዕር የሚጻፉ አጫጭር ልብ ወለዶችን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሁሉን ይችላል። ያነባል፣ ይከራከራል፣ ይደባደባል፣ ያፈቅራል፤ በመጨረሻም ብቻውን ቆሞ አንድ ትልቅ ነገር ይናገራል። ከአጠገቡ ሁለተኛ ሰው አለ፤ ጓደኛ ወይም ፍቅረኛ። ይህ ሁለተኛ ሰው ምን ይሠራል? ይሰማል። «እውነትህን ነው» ይላል። ቡና ያዛል። ከታሪኩ ብታወጡት ታሪኩ ሳይደናቀፍ መንገዱን ይቀጥላል። ለመሆኑ ሁለት ሰው በአንድ ታሪክ ውስጥ የሚገባው ለምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

መልሱን ፍለጋ ከመማሪያ መጻሕፍታችን ወጣ ብዬ ወደ አንድ ጨዋታ ልሂድ፤ አንባቢ እንዳይስቅብኝ። ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንደኛው አጫዋች ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ዋሻውን፣ የተቆለፈውን በር፣ ከበሩ ኋላ ያደፈጠውን አውሬ። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ሊሳካም ላይሳካም የሚችለውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። እንግዲህ በቃል የሚፈጠር፣ ብዙ ደራሲ ያለው ልብ ወለድ ነው ማለት ይቻላል። ሥነ ጽሑፍ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው።

በጨዋታው ውስጥ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ሙያ ይሰጠዋል። የፈረንጁ ቃል በቀጥታ ቢተረጎም «መደብ» ይሆን ነበር፤ ነገር ግን መደብ ብል ሌላ ሙግት ስለሚነሣብኝ ሙያ እለዋለሁ። በመጀመሪያው እትም ሙያዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ጦረኛ፣ አስማተኛና ካህን። በማግስቱ ዓመት በ1975 ሌባ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ሙያው ቢበዛም፣ ተጫዋቾች ገና ሳይጀምሩ የሚጨነቁበት ጥያቄ ያው ነው፤ ማን ከማን ጋር ይጣመር?

አሁን የሙያዎቹን አሠራር ልብ በሉ። አስማተኛው ጥሩር አይለብስም፤ በቀድሞው ሕግ ከጩቤ የተሻለ መሣሪያም አይዝም። የ1975ቱ ተጨማሪ መጽሐፍ የጦረኛውን ነፍስ በስምንት ጎን ዳይስ ሲለካ የአስማተኛውን በአራት ጎን ይለካል። በዚያን ጊዜ ሕግ ጀማሪ አስማተኛ በቀን የሚይዘው አንድ ድግምት ብቻ ነበር። እሱንም አንዴ ከደገመው ከአእምሮው ይጠፋ ነበር፤ እንደገና እስኪያጠና ድረስ ባዶ እጁን ነበር። ይህ የመርሳት ነገር ጃክ ቫንስ ከተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ልብ ወለዶች የተወሰደ ነውና፣ ጨዋታው ራሱ የሥነ ጽሑፍ ልጅ መሆኑን በዚህ እናያለን። ታዲያ ያቺ አንዲት ድግምት የማስተኛት ድግምት ከሆነች፣ ጦረኛው በሰይፍ ሲታገለው ሊያመሽ የሚችለውን የጠላት መንጋ በአንድ ቃል ታስተኛዋለች።

እንግዲህ ጦረኛው ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ይቆማል። የሚቆመው አስማተኛው ቃሉን እስኪጨርስ ነው። ጦረኛው ባይቆም ድግምቱ አይነገርም። ድግምቱ ባይነገር ደግሞ የጦረኛው መቆም ሞትን ለጥቂት ደቂቃ ማዘግየት ብቻ ይሆናል። ጥንድነት የምለው ይህንን ነው። ብዙ ጊዜ ጥንድ ሲባል የአንዱ ጉድለት በሌላው ሙላት የሚሸፈንበት፣ ልክ እንደ ሂሳብ መደመር ያለ ነገር ይመስለናል። አንዱ ጉልበተኛ፣ ሌላው ብልህ፤ ተደመሩ፣ አለቀ። ኧረ አላለቀም! ጉልበተኛና ብልህ በአንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ሊያንቀላፉም ይችላሉ። ጥንድ የሚሆኑት የአንደኛው ሥራ ለሁለተኛው ሥራ ቦታ በሚከፍትባት በዚያች ሰዓት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ይህንን በሕግ ጽፎታል። ሌባው ጠላትን በሌላ መንገድ ካልበለጠው በቀር፣ ያቺን ዝነኛ ከባድ ምት ለመምታት አንድ ባልንጀራው ከጠላቱ በአምስት ጫማ ርቀት ውስጥ መገኘት አለበት። ልብ በሉ፤ ባልንጀራው በዓለም ላይ መኖሩ አይበቃም። እዚያው፣ ያን ጊዜ፣ በአምስት ጫማ ውስጥ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አራተኛው እትም ሙያዎቹን ሁሉ በአራት ሚና መድቦ ስም አወጣላቸው፤ ተከላካይ፣ አጥቂ፣ መሪ፣ ተቆጣጣሪ። ለማስተማር ይመቻል። ለታሪክ ግን እንደ እግር ኳስ ቦታ አሰላለፍ ይሆናል፤ ጥንዱ በጭንቅ ሰዓት መወለዱ ቀርቶ ከሰንጠረዥ ላይ ይነበባል። በልብ ወለድም «ይህ ቁጡ ነው፣ ያ ታጋሽ ነው» ብሎ መጀመር እንዲሁ ነው።

የአገራችን ተረትና ምሳሌ ስለ ኅብረት ብዙ ይናገራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»። ሁለቱም ደግ ቃል ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚያመሰግኑት ብዛትን ነው። ድሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ድር ነው፤ ሎሚውም አንድ ዓይነት ሎሚ። ስለ ተለያዩ ሰዎች መጣመር ለማወቅ ከተረቱ ይልቅ ወደ ሥራው መሄድ ይሻላል። ለእኛ ለመቐለ ሰዎች ደግሞ ሥራው ሩቅ አይደለም። ከዳናክል ሜዳ ወደ ገበያችን የሚመጣውን ጨው አስቡ። አንዱ ሠራተኛ የጨውን ንጣፍ በዘንግ ፈንቅሎ ከመሬት ያነሣል። ሌላው ያንን ጠርቦ በልክ ያወጣዋል። ሌላው በግመል ጭኖ በበራሕለ በኩል ወደ ደጋው ያመጣዋል፤ ዛሬ መኪናም ገብቶበታል። ጠራቢው ለምን በልክ ይጠርባል? በግመል ጎን ላይ እንዲቀመጥ ነዋ! እጁ በድንጋዩ ላይ ሳለ የሚያስበው ስለ ሌላው ሰው ሥራ ነው። የእሱ ሙያ ልክ የተቆረጠው በሌላው ሙያ ነው ማለት ነው።

ይህንን መለኪያ ይዘን ሁላችንም ወደምናውቀው መጽሐፍ እንግባ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ስለ ፍቅሩና ስለ ሥርዓቱ ብዙ ተብሏል። እኔ የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሳ አንድ ጓድ ናቸው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሙያ አላቸው። በዛብህ ዜማና ቅኔ የተማረ፣ ነገር ግን ደሀና በወላጆቹ ስለት የታሰረ ነው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናትና ስምና ክብር አላት፤ ከግቢዋ መውጫ ግን የላትም። ጉዱ ካሳ የሥርዓቱን መሠረስ ከሁሉም ቀድሞ ያያል፣ ይናገራልም፤ ግን «ጉዱ» የሚለው ቅጽል ስሙ ንግግሩን ሁሉ ወደ እብደት ስለለወጠበት ሰሚ የለውም።

ሦስቱ ዲማ ላይ አብረው በነበሩበት ጊዜ ጥንድነታቸው በትክክል ይሠራል። በዛብህ ሊያስተምራት ባይመጣ ሰብለ ወንጌል ከእኩያ ውጭ የሆነ ሰውን በቅርብ የምታይበት አጋጣሚ አልነበራትም። ካሳም በዛብህን ባያገኝ ንግግሩ አየር ላይ በቀረ። እዚህ ላይ የበዛብህን መስማት ከእኛ ልብ ወለዶች ሁለተኛ ሰው መስማት ጋር አነጻጽሩት። የእኛው ሰው ሰምቶ ያው ነው። በዛብህ ግን ሰምቶ ይለወጣል፤ የሰማው ነገር በኋላ በሚያደርገው ሁሉ ውስጥ ይገባል። መስማትም ሙያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ሥራ ከሠራ።

ከዚያስ ምን ሆነ? ተለያዩ። በጠረጴዛው ጨዋታ ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚሰጣጡት አንድ የቆየ ምክር አለ፤ ጓዱን አትከፋፍሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተከፋፈለ ጓድ ታሪክ ነው። በዛብህ በመንገድ ላይ ምክር ሲያስፈልገው መካሪው ሌላ ቦታ ነው። ሰብለ ወንጌል ማንነቷን ሰውራ ፍለጋ ስትወጣ ጓደኛ የላትም። በመጨረሻ ስታገኘው ሽፍቶች ጎድተውት በሞት አፋፍ ላይ ነው። ደግሞም በዚህ ጓድ ውስጥ ጦረኛ የለም፤ ሦስቱም የቃል ሰዎች ናቸው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አበጀ በለው የሚመራው የገበሬ ዐመፅ አለ፤ ብረትም አለው። ብረቱ ግን ለእነዚህ ሰዎች መንገድ ጠባቂ አልሆነም።

አንዳንዱ «ያጠፋቸው ሥርዓቱ ነው፤ ምን የጓድ መከፋፈል ታወራለህ» ይለኝ ይሆናል። ሥርዓቱ መሆኑን ማን ይክዳል? ጥያቄው ሥርዓቱ እንዴት አጠፋቸው የሚለው ነው። በዛብህን በክርክር አላሸነፈውም። ካሳን አላሳመነውም። ሰብለ ወንጌልንም አላሳመናትም። ማለያየቱ ብቻ በቃው። እያንዳንዳቸው ያላቸው ነገር ሁሉ እስከ መጨረሻው በእጃቸው ነበር፤ በዛብህ ትምህርቱ፣ ካሳ ማስተዋሉ፣ እሷም ድፍረቷ። በአምስት ጫማ ርቀት ውስጥ አልነበሩም እንጂ! የሐዲስ ትልቅነት የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ጥንዱን በሚገባ አስማምቶ ከሠራ በኋላ ለያየው፤ አስማምቶ ባይሠራው ኖሮ መለያየቱ ባላመመን።

ይህን ለመረዳት መቐለ ላይ ያለን ተማሪዎች ረጅም ትርጓሜ አያስፈልገንም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ስልክ፣ ባንክና መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሆነ አይተናል። ሐኪም ነበረ፤ መድኃኒቱ ሌላ ቦታ ነበረ። ገንዘብ በባንክ ደብተር ላይ ነበረ፤ የሚከፍል ባንክ አልነበረም። አስተማሪና ተማሪ በአንድ ከተማ ኖረው ትምህርት አልነበረም። የጎደለው ችሎታ አልነበረም፤ አንዱ ከሌላው የሚደርስበት መንገድ ነበር። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ብዕር ስናነሣ ሁሉን የሚችል ብቸኛ ጀግና መጻፋችን እኔን ይገርመኛል። ያየነውን ነው የምንጽፈው ወይስ የተመኘነውን?

ብቸኛ ሰው አይጻፍ ማለቴ አይደለም። የካሳ ብቸኝነት የሚከብደን የሚሰማው ሰው አግኝቶ ስላየነው ነው። ብቸኝነትም ያለ ጥንድ ክብደት የለውም፤ መጀመሪያ ማን እንደ ጎደለ ማወቅ አለብን።

ስለዚህ ልብ ወለድ ለምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች ሦስት ፈተና ላቅርብ። አንደኛ፣ ሁለተኛውን ሰው ከታሪኩ አውጡት። ታሪኩ ካልተናጋ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ሁለተኛ፣ የአንዱ ሥራ ለሌላው ቦታ የሚከፍትበትን ሰዓት በጣታችሁ አሳዩ። «ይዋደዳሉ» መልስ አይሆንም። በተለይ ሴት ገጸ ባሕርይ ከመወደድ በቀር ሥራ ሳይሰጣት የምትቀረው እዚህ ላይ ነው። ሐዲስ እንኳ ከስልሳ ዓመት ገደማ በፊት ለሰብለ ወንጌል መንገዱን ሰጥቷታል፤ እኛ ዛሬ በረንዳ ላይ እናስቀምጣታለን? ሦስተኛ፣ ሁለቱ ሰዎች አብረው እንኳ የማይሸፍኑት ቀዳዳ ይኑር። ሁሉን የሚችል ጥንድ ሁሉን ከሚችል ጀግና የተለየ አይደለም፤ ሁለት ራስ አወጣ እንጂ።

አንድ ሐሳብም አለኝ። ለሚቀጥለው እትም ሁለት ሁለት ሆነን አንድ ታሪክ እንጻፍ። እያንዳንዱ ጸሐፊ የአንድ ገጸ ባሕርይ ቃልና ሥራ ብቻ ይያዝ፤ የሌላውን አይንካ። ገጸ ባሕርዬ የሚያደርገውን እኔ አውቃለሁ፤ የእሱ ሥራ ለሌላው ምን እንደሚከፍት ግን የሚነግረኝ የሥራ ጓዴ ነው። ምናልባት ታሪኩ መሀል መንገድ ላይ ይቆም ይሆናል። ቢቆምም የት እንደ ቆመ ጽፈን እናውጣው፤ ከዚያ ቦታ የምንማረው ብዙ ነው። ዝግጁ የሆነ ሰው ለአዘጋጆቹ ስሙን ይስጥ፤ የእኔን አስመዝግቤአለሁ፣ የሚጎድለው ሁለተኛው ነው።