መድኃኒቱ የት ይደርሳል?

አማርኛችን ለ«መድኃኒት» ሲበዛ ቸር ነው። የታመመ ሰው የሚውጠው እንክብል መድኃኒት ነው፤ አይጥ የሚፈጀውም መድኃኒት ነው፤ ሴት አያቶቻችን የሚወቅጡት ሥርና ቅጠልም መድኃኒት ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረ ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥማችሁ «ማንን ያድናል? ማንንስ ይገድላል?» ብላችሁ ጠይቁ እል ነበር። ጥያቄው ዛሬ ለዓሣ እርባታም ያስፈልገናል።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ዓሣንም ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጎን አስቀምጦታል። መልካም ነው። ኩሬ ቆፋሪው ሲበዛ ግን የመኖ ክርክር መከተሉ አይቀርም። አንዱ «ዓሣው እንዳይታመም አንቲባዮቲክ ከመኖው ጋር ይቀላቀል» ይላል። ሌላው «ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ እያለን ኬሚካሉ ምን ሊያደርግልን?» ይላል።

የመጀመሪያው ሰው አንድ ተራ ነገር ረስቷል፤ የታመመ ዓሣ አይበላም። መድኃኒት ያለበትን መኖ የሚበላው ጤነኛው ነው። ከተበላውም ብዙው ከዓይነ ምድሩ ጋር ተመልሶ ይወጣል፤ የተረፈው ኩሬው ሥር ይዘቅጣል። ባክቴሪያው እዚያ ሆኖ መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ ይለማመደዋል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያስጠነቀቀው ይኼንኑ ነበር። ቴትራሳይክሊን ደግሞ የዓሣም፣ የከብትም፣ የሰውም ነው። ዓሣው ላይ ከከሸፈ እኛም ላይ ሊከሽፍ ነው።

ሁለተኛው ሰው «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል እንደ ጠበል ይረጨዋል። ኧረ ቀስ! የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣውን አደንዝዞ እንደሚያንሳፍፍ ባላገሩ ከጥንት ያውቃል። ብርብራም ተፈጥሮ ነው። ነጭ ሽንኩርት በሙከራ ላይ ተስፋ አሳይቷል፤ ነገር ግን ያንዱ ማሳ ሽንኩርት ከሌላው ማሳ ሽንኩርት እኩል ጉልበት የለውም። መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት ግምት ነው።

ኖርዌዮች እ.ኤ.አ. በ1987 ለሳልመን ዓሦቻቸው 50 ቶን ገደማ አንቲባዮቲክ ይጠቀሙ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ቶን ገደማ አወረዱት፤ ምርታቸውም በብዙ እጥፍ አደገ። ያዳናቸው ቅጠል አልነበረም። ክትባትና የተሻለ አያያዝ ነው።

ይኼን ሁሉ ስል ዓይኔ ያለው አሳይታ ላይ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ የአዲስ አበባን እድፍ በአቃቂ በኩል ተቀብሎ፣ ቆቃንና መተሐራን አልፎ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር አይገባም። አሳይታን ካለፈ በኋላ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ላይ የተጣለው ሁሉ ታች ይደርሳል ማለቴ አይደለም፤ ፀሐዩና ደለሉ መንገድ ላይ ብዙ ያስቀራሉ። ሆኖም የአፋሩ ፍየልና ግመል፣ ልጁም ጭምር፣ የወንዙ የመጨረሻ ጠጪዎች ናቸው። ከነሱ በኋላ ጠጥቶ የሚነግረን የለም። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል፤ ወንዝም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ ግማቱ የሚሸተው ጅራቱ ላይ ያለው ሰው መሆኑ ነው።

አብዛኞቹ ኩሬዎቻችን ገና ትንንሾች ናቸው፤ ቆሮሶው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እየበላ ያድጋል። ክፉ ልማድ ሳይገባ መነጋገር የሚሻለውም ለዚህ ነው። የእንስሳት መድኃኒትንና መኖን ባንድ ላይ የሚቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥቷል። ስለዚህ ኩሬ ቆፋሪውን «መኖህ ውስጥ ምን ጨመርክ?» ብለን ብቻ አንለፈው። ዓሣውን አለልክ አጭቀኸው እንደሆነስ? መድኃኒቱን ያዘዘልህ ሐኪም ማን ነው? ውኃውን ስትለውጥ አሮጌውን ወዴት ትለቀዋለህ?

የመጨረሻውን ጥያቄ አሳይታ ያለው ሰው ቢጠይቀው ይሻል ነበር። እሱ ግን ኩሬው ሲቆፈር አይጠራም።