“ባነንሁ” ብሎ ማምለጥ

ሰቃ ላይ ቀኑን ሙሉ ቡና ሲለቅም የዋለ ሰው ሌሊት በሕልሙም ሲለቅም ያድራል። ከእንዲህ ያለው ሕልም ታሪክ ይወጣል? ይወጣል። ችግሩ ብዙዎቻችን ገጸ ባሕርያችንን ጭንቅ ውስጥ ከተን፣ “ከእንቅልፌ ባነንሁ” ብለን ማምለጣችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1678 የታተመውን፣ በአማርኛም የተተረጎመውን የጆን ቡንያንን መንፈሳዊ የጉዞ ታሪክ ተመልከቱ። የሚተረከው በሕልም እንደታየ ሆኖ ነው። ልባችንን የሚይዘው ግን ሕልምነቱ አይደለም። ክርስቲያን የተባለው ሰው በጀርባው ሸክም አለበት፤ ሚስቱና ልጆቹ “ተመለስ” እያሉት ይሮጣል። መምረጥ ግድ ሆኖበታል። በመጨረሻም አላዋቂ የተባለው መንገደኛ የሰማይ ደጅ ደርሶ ሳለ ወደ ሲኦል ይጣላል። ሕልም አላሚው የሚነቃው ይህን አይቶ ነው። መንቃቱ አያሳርፈንም፤ ጥያቄውን ለእኛ ይተውልናል።

እናንተም ሕልማችሁን ሳይጠፋባችሁ ጻፉት። “ከጌታ የመጣ መልእክት ነው” ለማለት ግን አትቸኩሉ፤ ልብ ወለዱን ልብ ወለድ በሉት። ከዚያ ጠይቁ፦ ይህ ሰው ምን ተሸክሟል? ምንስ ትቶ ይሄዳል? መልሱን ስታገኙ ታሪካችሁ ተጀመረ።