የወር አበባ መዛባትና «አንድ ዓመት ጠብቂ» የሚለው ምክር

ጥንዶች የወሊድ መከላከያ ሳይጠቀሙ ለ12 ወራት ሞክረው ፅንስ ካልተገኘ የመካንነት ምርመራ ይገባቸዋል የሚለው መመሪያ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። መመሪያው በራሱ ስህተት የለበትም፤ የሚነቀፈው ለሁሉም ሴት እኩል ሲሠራበት ነው። የአንድ ዓመቱ ጊዜ የተመረጠው ከ100 ጥንዶች 85 ያህሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፅንስ ስለሚያገኙ ሲሆን፣ ስሌቱ እንቁላል በየወሩ መለቀቁን ታሳቢ ያደርጋል። የወር አበባዋን በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ የምታይ አንዲት የላፍቶ ነዋሪ «ጠብቂ» ስትባል፣ ሌላዋ አሥራ ሦስት ጊዜ የምታገኘውን ዕድል እርሷ ሦስት ጊዜ ታገኛለች፤ ያውም እንቁላሉ ከተለቀቀ።

ልጅ የምትፈልግ ሴት ዑደቷ ዘወትር ከ35 ቀን የሚበልጥ ወይም ከ21 ቀን የሚያንስ ከሆነ፣ የእርግዝና ምርመራ ተደርጎላት ዓመት ሳትጠብቅ ልትላክ ይገባል። ዑደቷ የተስተካከለ ሆኖ ዕድሜዋ 35 ከሞላ ስድስት ወር ይበቃል፤ 40 ከሞላ ጨርሶ መጠበቅ አያሻም።

ይሁን እንጂ «ተዛባብኝ» ያለች ሁሉ ተዛብቶባታል ማለት አይደለም። በየ28 ቀኑ የምታይ ሴት መስከረም 10 ካየች፣ ቀጣዩ ጥቅምት 8፣ ከዚያም ኅዳር 6 ይውላል። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን በመሆኑ ቀኑ በየወሩ ሁለት ቀን ይቀድማል። ጳጉሜን ሲገባበትማ ነሐሴ 20 ያየችው መስከረም 13 ይመጣና የበለጠ ያስደነግጣታል። አብሯት ቀን የሚቆጥር ባለሙያ ይህን በአምስት ደቂቃ ይፈታዋል።

የሦስት ወር መርፌ ስትወስድ የቆየችም ልዩ ጥያቄ ያስፈልጋታል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ፅንስ ለመያዝ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ መርፌውን ባቆመች በአራተኛው ወር የወር አበባ መቅረቱ ብቻውን ለሪፈራል አያበቃም። ጡቷ ወተት የሚያፈስስ፣ እንቅርት ያለባት ወይም ክብደቷ በድንገት የቀነሰ ከሆነ ግን ምክንያቱ መርፌው ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከመንግሥት ተቋማት የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ከላፍቶ ወደዚያ የምትላክ ሴት ከተማዋን አቋርጣ፣ የቀን ገቢዋን ትታ ነው የምትሄደው። «ለመካንነት ምርመራ» የሚል አንድ መስመር ብቻ የያዘ የሪፈራል ወረቀት ይዛ ከሄደች፣ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚችለውን ሁሉ እዚያ እንደ አዲስ ትጠየቃለች። ያለፉት ስድስት ዑደቶች ቀናት፣ የመጨረሻው መርፌ የተወጋችበት ዕለት፣ የእርግዝናና የታይሮይድ ምርመራ ውጤት ሊሰፍሩበት ይገባል። የባልየው የዘር ፈሳሽ ምርመራም እንዲሁ፤ የእርሷ ዑደት መዛባት የእርሱን ጤንነት አያረጋግጥምና።