አዳርና አደራ

በአማርኛ «ማደር» ሥራ የበዛበት ቃል ነው። ጠዋት ስንገናኝ «እንዴት አደርክ?» እንባባላለን፤ ማታ ስንለያይ «ደህና እደር»። ላቡን አፍስሶ የሚኖረውን ሰው «ሠርቶ አዳሪ» እንለዋለን፤ ልጃችንን ራቅ አድርገን ስናስተምር «አዳሪ ትምህርት ቤት» እናስገባዋለን፤ ገላዋን ሸጣ የምትኖረውን ደግሞ «ሴትኛ አዳሪ» ብለን የሌሊቱን ኃጢአት ሁሉ ለእሷ ብቻ አሸክመናታል። የቃሉን የዘር ሐረግ ለቋንቋ ሊቃውንት እተወዋለሁ። ለእኔ ጆሮ ግን «አዳር»ና «አደራ» የአንድ እናት ልጆች ይመስሉኛል። ሰው ቤቱ ያሳደረውን እንግዳ እስኪነጋ ድረስ በአደራ ተቀብሎታል። እንግዳው ቢዘረፍ ነውሩ የባለቤቱ ነው፤ በሌሊት ቢታመም ተነስቶ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው ባለቤቱ ነው።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከአየር ጤናና ከዓለም ባንክ ጎረቤት ቤቴል የሚባል ሰፈር አለ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 28ን ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ የመጀመሪያዋ ቤቴል የመንገደኛ ማደሪያ ነበረች። ያዕቆብ ከወንድሙ ከኤሳው ሸሽቶ ከቤርሳቤህ ወደ ካራን ሲሄድ ሎዛ የምትባል ከተማ ዘንድ ፀሐይ ጠለቀችበት። «ግባ» የሚለው አልነበረም፤ ድንጋይ ተንተርሶ ሜዳ ላይ ተኛ። ያንን መሰላል በሕልሙ ያየው እዚያ ነው። ሲነቃ ደነገጠ፣ ቦታውንም የእግዚአብሔር ቤት ብሎ ሰየመው። ቤቴል ማለት ይኸው ነው። ያዕቆብ ዛሬ ወደ እኛዋ ቤቴል ቢመጣ ትራስ የሚሆን ኮብልስቶን አያጣም፤ አልጋ ግን መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቆ ነው።

የሚገርመው፣ ይህን ስም እኛ ሳናውቀው ተርጉመን ስንጠቀምበት ኖረናል። የገጠሩ ሰው በደጃፉ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» የሚል ድምፅ ሲሰማ የሚመልሰው «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ብሎ ነበር። ቤቴል ማለቱ ነው እንግዲህ።

ይህን ስል «ደጉ ዘመን» እያልኩ ላለቅስ አይደለም። የዚያን ዘመን መስተንግዶ ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደነበር እናውቃለን። ባል «ግባ» ይላል፤ ውሃ አሙቃ የእንግዳውን እግር የምታጥበው፣ እኩለ ሌሊት ላይ እሳት የምታነደው ሚስት ናት። ባላገሩ ለመንግሥት እንግዳ ድርጎ እንዲያወጣ ይታዘዝ ነበር፤ ወታደር ሲሰራበት ደግሞ የእግዜር የተባለው ቤት ለጊዜው የወታደሩ ይሆናል። ደግነቱም ቢሆን ለሁሉም አልደረሰም። ከቤቴል ብዙ ሳይርቅ፣ ዘነበወርቅ፣ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት አለ። የሥጋ ደዌ ይዟቸው ከየጠቅላይ ግዛቱ ለሕክምና ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ከዳኑም በኋላ አገራቸው አልተመለሱም፤ እዚያው ዙሪያውን ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። በመንገዳቸው ላይ ያለው ቤት ሁሉ የእግዜር ቢሆን ኖሮ ያ ሰፈር እንደዚያ ባልተቆረቆረ ነበር።

ስለዚህ ማደሪያ በገንዘብ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰዉ ለምግብ መክፈል አፍሮ እንደተቸገሩ፣ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው ሄደው ከፍለው እንዳስለመዱት ይነገራል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ መንገድ ትቶልን ሄደ፤ በመንገዱ ዳር ደግሞ «አልቤርጎ» የሚለውን ቃል። ከዚያ ጠጅ ቤቱ ከጓሮ ሁለት ክፍል ሠራ፣ ሻይ ቤቱም ተከተለው፣ እያለ እያለ «ፔንሲዮን» ላይ ደረስን። ፔንሲዮን በትውልድ አገሩ እንግዳ ከባለቤቶቹ ጋር አንድ ማዕድ ቀርቦ እየበላ የሚሰነብትበት ቤት ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ማዕዱ ቀርቶ ሰሌዳው ተረፈ።

ሰሌዳውን አይታችሁታል። «አልጋ አለ» ይላል። ልብ በሉ፣ ክፍል አለ አይልም፣ ማደሪያ አለም አይልም። እኛም «አልጋ ያዝኩ» እንጂ «ማደሪያ አገኘሁ» ማለት ትተናል። ነገሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። መንገደኛ የሚፈልገው እንቅልፍና ደኅንነት ነው፤ የሚሸጥለት ፍራሽ ነው። ከፍራሹ ጋር አብረው የሚመጡትን ደግሞ በቃላችሁ ትዘልቋቸዋላችሁ። መጠኑ የአንድ ሰው ያልሆነ ነጠላ ጫማ፣ ጫፉ በሲጋራ የተቃጠለ ብርድ ልብስ፣ ውሃ የጠፋ እንደሆነ ተብሎ ጥግ የቆመ ጀሪካን፣ መብራት የጠፋ እንደሆነ ተብሎ የተቀመጠ ግማሽ ሻማ፣ አልጋ ሥር ደግሞ ስሙን የማልጠራው ሳፋ። ከታች ያለው መጠጥ ቤት ሙዚቃውን ከፍራሹ ጋር በነጻ ያቀርባል። ትኋንን አላነሳም፤ እሷ ቢያንስ እንግዳ መምጣቱን ታስተውላለች።

አሜሪካኖች በ1925 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ላይ፣ «ሞተር»ንና «ሆቴል»ን አዳቅለው «ሞቴል» የሚል ስም ሲያወጡ አሳቡ ሰውና መኪናው ጎን ለጎን እንዲያድሩ ነበር። እኛ አገር መኪናው ቀድሟል። አገር አቋራጭ ሾፌር አልጋ ሲይዝ አስቀድሞ «ግቢ አለው?» ብሎ ይጠይቃል። መኪናው ግቢ ይገባል፣ ዘበኛ ይመደብለታል፣ ረዳቱም ላዩ ላይ ይተኛል። ፎቅ ላይ ላለው ሰው ግን ከመወርወሪያ ሌላ ጠባቂ የለውም፤ መወርወሪያውም አንዳንዴ ሚስማር ነው።

ባለፈው ክረምት ከጅማ በኩል ለሚመጣ ዘመዴ አልጋ ልይዝ ቤቴል ውስጥ አንድ ፔንሲዮን ገባሁ። («ለምን ቤትህ አላሳደርከውም?» የምትሉኝ ቤቴን ስላላያችሁት ነው፤ ሁለት ክፍል ነው፣ ስድስት ነፍስ አለበት።) ከፊቴ አንድ ስድሳ ያለፋቸው ሰው ቆመዋል። ባለቤታቸው ጋቢ ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ በእጃቸው ትልቅ የራጅ ፖስታ ይዘዋል። ለነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ እንዳላቸው ፖስታው ይናገራል።

«የኔ ልጅ፣ አልጋ ይኖር ይሆን?» አሉ ሰውየው።

«ለአዳር ነው አባባ?» አለች ልጅቷ።

«ታዲያ ለምን ይሆናል?» አሉ፤ በእውነት ግራ ገብቷቸው።

ልጅቷ አቀረቀረች። ከዚያ «ለአዳር የምንሰጠው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው አባባ» አለች። ሰዓቱ ገና አንድ ተኩል ነበር።

አዲስ አበባ የሚኖር አንባቢ ነገሩ ገብቶታል። ላልገባው እንዲህ ነው፤ አንዱ አልጋ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ በየሰዓቱ ለሚገባና ለሚወጣ «ሾርት» ይሸጣል። ሁለት ሦስት «ሾርት» ካስተናገደ በኋላ አንሶላው ተቀይሮ (ይቀየራል ብለን እንመን) ለአዳሪው ይሰጣል። ሒሳቡን ስታዩት ባለቤቱ ሞኝ አይደለም። ከሩቅ የመጣው መንገደኛ አልጋውን በአንድ ዋጋ ሌሊቱን ሙሉ ይዞበት ያድራል፤ ጥንዶቹ በአንድ ምሽት የዚያን ብዙ እጥፍ ይከፍላሉ። እኔ በጥንዶቹ ላይ ፈራጅ አይደለሁም፤ እነሱም ማደሪያ ያጡ ሰዎች ናቸው፣ በሌላ መንገድ። የሚቆጨኝ የማደሪያ ቤት ፈቃድ ተሰጥቶት የተከፈተ ቤት «ለማደር ነው የመጣሁት» የሚለውን ሰው እንደ ቸገረው ደንበኛ በር ላይ ማቆሙ ነው።

የዚያን ምሽት ፍጻሜ ልንገራችሁ። ልጅቷ ከባንኮኒው ኋላ ሁለት ወንበር አወጣች። ቀጥላ አንድ ብርድ ልብስ አመጣችና በሴትየዋ ጉልበት ላይ ጣለችላቸው። «እማማ፣ ሻይ ላምጣ?» አለች። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ክፍል ሲለቀቅ ሌላ «ሾርት» ቢመጣም «ሞልቷል» ብላ መለሰችና አስገባቻቸው። ዘመዴም ተራው የደረሰው ከእነሱ በኋላ ነው። ብርድ ልብሱ የማን እንደሆነ የገባኝ ስወጣ ነው፤ ከባንኮኒው ኋላ ጥቅል ስፖንጅ አየሁ። ልጅቷ የምትተኛው እዚያ ነው። በዚያ ቤት ካደሩት ሁሉ አልጋ ያልነበራት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

አደራውን የተቀበለች እሷ ነች፤ ቤቱ አይደለም። ቤቱ ምን እንደሚል ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም»። ይህን ወረቀት ያልለጠፈ ማደሪያ ካያችሁ ንገሩኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሆቴል ሥራ ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ የእንግዳ ዕቃ የጠፋ ወይም የተበላሸ እንደሆነ ባለቤቱ ምን ያህል ተጠያቂ እንደሚሆንም ይናገራል። ሕግ አውጪው አንቀጽ በአንቀጽ የደከመበትን ነገር እኛ በአንድ ብጣሽ ወረቀትና በአራት ስቲከር ልንዘጋው እንሞክራለን። አንድም ተከራይ ሲከራከር አላየሁም። ሲነጋ መንገድ አለበታ!

ወረቀቱ ስለ ንብረት ብቻ ያወራል እንጂ ያልተጻፈ ሌላም አለ። ብቻዋን የመጣች ሴት «አልጋ አለ?» ስትል ከላይ እስከ ታች ትታያለች። ከወንድ ጋር ስትመጣ ማንም አይጠይቃትም፤ ብቻዋን ስትመጣ ግን «ማን ይመጣል?» ትባላለች። ለሥራ ክፍለ አገር የሚመላለሱ ሴቶች ይህን ያውቁታል፤ አንዳንዶቹ በስልክ «ባለቤቴ እየመጣ ነው» እያሉ ጮክ ብለው ማውራት ለምደዋል። ከዚያ መታወቂያው አለ። መዝጋቢው መታወቂያ መጠየቁ ተገቢ ነው። ግን የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር በነበረበት ዘመን፣ ወዴት እንደምትሄድ ከመጠየቅህ በፊት ማን እንደሆንክ ይነበብብሃል። የፋይዳ መታወቂያ ያን መስመር አለመያዙ ለመንገደኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የዚህን ጥቅም ያስተዋለው አልመሰለኝም።

በዚህ ዘመን ደግሞ ማደሪያ የምቾት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ መታገታቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ላይ የተሳፈረ ሰው «ምሳ የት እንበላለን?» ከማለቱ በፊት «የት ይመሽብናል?» ይላል። እናቶች ስልክ ደውለው የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው። የመሸበት ሰው በር ሲያንኳኳ ከኋላው ያለውን ጨለማ ባለ ፔንሲዮኑም ያውቀዋል። እያወቀ ነው እንግዲህ «ለአዳር ከአራት ሰዓት በኋላ» የሚለው።

መንግሥት ምን ይላል? በ2007 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ለሆቴሎቻችን ኮከብ አድሏል። ደግ ሥራ ነው። ግን ኮከብ ከፍ ብሎ የሚታይ ነገር ነው፤ ከታች ያለውን አያበራም። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ መንገደኛ የሚያድረው ኮከብ ባልደረሰው ቤት ውስጥ ነው። ለእነዚህ ቤቶች የአሳንሰርና የመዋኛ ገንዳ መመዘኛ ማውጣት አያስፈልግም። ከውስጥ የሚዘጋ በር፣ የተቀየረ አንሶላ፣ የሚፈስ ውሃ፣ ለአዳር ከመጣ ሰው ጋር በሰዓት የማይጫወት ባለቤት፤ ይኼ ይበቃናል። ይህን የሚያይ ተቆጣጣሪ በየወረዳው ቢኖር ከአምስቱ ኮከብ አንዱን ብንቀንስ አይከፋኝም።

እኛ እንግዶቹም ብንሆን ንጹሐን አይደለንም። አምፖል ፈትቶ የሚሄድ፣ በአንሶላ ጫማ የሚጠርግ፣ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ከፍቶ ትቶ የሚወጣ፣ ሲመጣ ፎቁን የሚያጥለቀልቅ እንግዳ አለ። ባለቤቱ «እምነት አጉዳይ እናንተ ናችሁ» ቢል መልስ የለኝም። የቴሌቪዥኑን ሪሞት በሽቦ ያሰረው ሰው ያለ ምክንያት አላሰረውም።

ስለዚህም ነው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና እንዳያመልጥህ ሻንጣህን ይዘህ ስትወርድ መታወቂያህ ወዲያው የማይሰጥህ። አንዷ ጽዳት እንቅልፏን እያሻሸች ወደ ክፍልህ ትገባለች። አንተ ባንኮኒው ጋ ትጠብቃለህ። ከኮሪደሩ ጫፍ «ፎጣው አለ! ሪሞቱም አለ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ያን ጊዜ ትለቀቃለህ። ግቢውን አቋርጠህ በሩ ጋ ስትደርስ ዘበኛው ካፖርቱን ሰብስቦ ከበርጩማው ይነሳና መቀርቀሪያውን እየሳበ «እንዴት አደሩ ጌታዬ?» ይልሃል። ሌሊቱን በዚያ ግቢ ይህን የጠየቀህ እሱ ብቻ ነው።