ሦስት ነፍስና ማብቂያ የሌለው ሩጫ፤ በቪዲዮ ጨዋታዎች የሚደጋገሙ ፍጡራንና ልማዶች ከጅማና ከአካባቢው የቡና ከተሞች አንጻር ሲመረመሩ

መግቢያ

ልጅን የሚያስተምሩት መጽሐፍ፣ ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ እንዳልሆኑ በትምህርት ሥራ ላይ ለተሰማራ ሁሉ የታወቀ ነው። ተማሪው ከትምህርት ቤት ደጃፍ ከወጣ በኋላ የሚያዘወትረው ጨዋታም ስለ ወዳጅና ጠላት፣ ስለ ጊዜና ገንዘብ፣ ስለ ድልና ሽንፈት የሚያስጨብጠው ነገር አለ። በጅማ ከተማም ሆነ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነትና በመሰል የቡና ከተሞች ይህን ትምህርት ከጊዜ ወደ ጊዜ በሰፊው እየሰጡ ያሉት የእጅ ስልክና «ፕሌይስቴሽን ቤት» የሚባሉት ጠባብ ክፍሎች ናቸው።

ስለ እነዚህ ጨዋታዎች በመምህራን ዘንድ የሚሰማው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወገን ጨዋታው ጊዜ ከማባከን በቀር ፋይዳ የለውምና ይከልከል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ልጁን ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር ያስተዋውቀዋልና ይበረታታ ይላል። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ስሕተት ይገናኛሉ፤ ይኸውም ጨዋታውን ሳያነቡ መፍረዳቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቪዲዮ ጨዋታዎች ውስጥ የሚደጋገሙትን ሐሳቦች፣ ፍጡራንና የአሠራር ልማዶች እንደ አንድ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ማንበብና ለቡና አገር ልጅ የሚሰጡትንና የሚነሡትን ለይቶ ማሳየት ነው።

መደጋገም ከየት መጣ?

እነዚህን ጨዋታዎች በጥሞና የተመለከተ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው መመሳሰላቸውን ነው። ለተጫዋቹ ሦስት ነፍስ ይሰጠዋል፤ ሕይወቱ በቀይ ልብ ይመለከታል፤ በመጀመሪያው ደረጃ ደካማ ፍጡር፣ በመጨረሻው ደረጃ ግዙፍ አውሬ ይጠብቀዋል፤ በየጥጉ የተዘጋ ሣጥን፣ በየሣጥኑም ወርቅ አለ። ይህ ሁሉ የሐሳብ ድርቀት ውጤት ይመስላል። ይሁን እንጂ የእያንዳንዱ ልማድ አመጣጥ ሲመረመር ከበስተኋላው የኑሮና የመሣሪያ ምክንያት ይገኛል።

ለምሳሌ ሦስቱን ነፍስ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1978 በጃፓን ታይቶ በተባለው ኩባንያ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሠራው «ስፔስ ኢንቬደርስ» በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ የሚቆም፣ ሳንቲም ሲገባበት የሚሠራ መሣሪያ ነበረ። ለባለ መሣሪያው ትርፍ የሚያስገኝለት አንድ ተጫዋች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተሸንፎ ሌላ ሳንቲም ሲጨምር ነው። ስለሆነም የነፍስ ቁጥር መወሰን ከኪነ ጥበብ ይልቅ የንግድ ስሌት ነበረ። በዚሁ ጨዋታ ከሰማይ የሚወርዱት ጠላቶች ቁጥራቸው ባነሰ መጠን ፍጥነታቸው ይጨምራል። ይህም የሆነው የመሣሪያው አቅም ውስን ስለነበረና የሚሥለው ነገር ሲቀንስለት ሥራው ስለሚቀልለት ነው። ከመሣሪያ ድክመት የተወለደው ይህ ሁኔታ ከዚያ በኋላ «ወደ መጨረሻው እየከበደ መሄድ» የተባለ የታወቀ የአሠራር ሕግ ሆነ።

ሳንቲም የሚበላው መሣሪያ ከሕዝብ አደባባይ ቢጠፋም ልማዱ አልጠፋም። በፕሌይስቴሽን ቤት ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። በቡና ለቀማ ወራት፣ ማለትም በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ በለቀማ የተሰማራ ልጅ በእጁ ጥቂት ገንዘብ ይገባል፤ በዚሁ ወቅት ከክፍል የሚቀረውም ተማሪ ይበዛል። እንግዲህ የሦስቱ ነፍስ ስሌት በዛሬዪቱ አጋሮም ቢሆን የሚናቅ ጉዳይ አይደለም።

ፍጡራኑና የሚያስተምሩት

ስለ ፍጡራኑም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ተጫዋቹ መጀመሪያ የሚገጥመው ፍጡር እንጉዳይ የሚመስል፣ በዝግታ ወደ እርሱ የሚራመድ ነው። ልጁ ካልዘለለ ይሞታል፤ ከዘለለ ያልፋል፤ በላዩ ካረፈበት ደግሞ ያጠፋዋል። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ፣ አንድም ቃል ሳይነገረው፣ የጨዋታው ዋና ሕግ ገባው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 «ድራገን ኩዌስት» ከተባለው ጨዋታ ጋር የታወቀው የጠብታ ቅርጽ ያለው ፈገግተኛ ፍጡርም አገልግሎቱ ይኸው ነው፤ ጀማሪው ሳይፈራ የሚለማመድበት ደካማ ባላጋራ ነው። ትምህርትን ከቀላል ወደ ከባድ ማደራጀት የሚለውን መርሕ በመምህራን ማሠልጠኛ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ከዚህም ሌላ የተደጋገመ ፍጡር ቋንቋ አያስፈልገውም። በጅማ ዞን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በዋናነት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን በጨዋታው ላይ የሚታየው ጽሑፍ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ልጁ ግን ጽሑፉን ሳያነብ ቀይ ልብ ሕይወት፣ የራስ ቅል ሞት፣ ሣጥን ሀብት መሆኑን ያውቃል።

መደጋገም በራሱ ጥፋት አለመሆኑን የሀገራችን ተረትም ይመሰክራል። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ተረት ጅብ ሲጠራ ሆዳምነቱና ሞኝነቱ፣ ጦጣ ስትጠራ ብልጠቷ አብሮ ይጠራል። ተራቹ ጠባያቸውን ለማስረዳት ጊዜ አያጠፋም፤ ያተረፈውን ጊዜ ለፍሬ ነገሩ ያውለዋል። ስለሆነም በሂስ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «ይህ ፍጡር ስንት ጊዜ ታየ?» የሚል ሳይሆን «መደጋገሙ ያተረፈው ጊዜ ለምን ፍሬ ነገር ዋለ?» የሚል ነው። ከተረቱ በስተመጨረሻ ምክር ይገኛል። ዘንዶውን ለገደለ ተጫዋች ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሌላ፣ ከፊተኛው የሚበልጥ ዘንዶ ነው። ዘንዶን በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ሥር ያየ ልጅ አውሬው ለምን እንደተገደለና ማን እንደዳነ ጠይቆ መልስ ያገኛል። በጨዋታው ውስጥ ሥዕሉ ቀርቷል፤ ታሪኩ ግን ተቆርጦ ወድቋል።

«ኩኩሉ» እና ማብቂያ የሌለው ሩጫ

ከውጭ የመጣውን ልማድ በሀገር ልጅ እጅ ለመሥራት ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት በአዲስ አበባ ያዘጋጀው «ኩኩሉ» በቅድሚያ የሚጠቀስ ነው። በዚህ ጨዋታ አንዲት ዶሮ ከሚያሳድዳት ገበሬ ለማምለጥ ትሮጣለች። ስሙ የዶሮ ጩኸት ብቻ ሳይሆን ሕፃናት በየመንደሩ የሚጫወቱት የድብብቆሽ ጥሪም ነው። የጨዋታው አሠራር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው «ቴምፕል ራን» እና በ2012 ከወጣው «ሰብዌይ ሰርፈርስ» ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሯጩ ወደፊት ይሮጣል፣ መሰናክል ይዘላል፣ ሳንቲም ይለቅማል፣ በመጨረሻም ይያዛል።

ለሥራው የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። የኢትዮጵያ ልጅ በማያ ገጽ ላይ የሚያውቃትን ዶሮና የሚያውቀውን ስም ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ዓለምን ከዶሮዋ ዐይን መመልከቱም ከተረት ባህላችን ጋር ይስማማል፤ በዓል ሲቃረብ ቢላዋ የሚሳልባት ዶሮ የራሷ ሐሳብ ቢኖራት ምን ታደርግ ነበር የሚል ጥያቄ ለማንም ሕፃን ይገባዋል።

ሆኖም በድብብቆሹና በሩጫው መካከል መሠረታዊ ልዩነት አለ። በድብብቆሽ ፈላጊው ዐይኑን ጨፍኖ ይጣራል፤ ተደባቂዎቹ ገና አለመንጋቱን ይነግሩታል፤ ሲዘጋጁም ይነጋል። ከዚያ በኋላ የተገኘው ልጅ በተራው ፈላጊ ይሆናል። ሌሊቱ ማብቂያ አለው፤ አሳዳጅነትም ተራ አለው። በማያ ገጹ ላይ ግን ገበሬው ዶሮ፣ ዶሮዋም ገበሬ የምትሆንበት ጊዜ የለም፤ ሩጫውም በመያዝ ካልሆነ በቀር አያበቃም። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ዘግይቶ መሸነፍ ብቻ ነው። ስሙ ከመንደራችን ተወሰደ፤ የመንደሩ ሕግ ግን በደጅ ቀረ። ቅርፊቱን ለውጦ አስኳሉን ሳይነኩ መተው የዚህ ሥራ ብቻ ሳይሆን ከውጭ ተቀድተው የሀገር ልብስ የሚለብሱ የብዙ ሥራዎች ድክመት ነው።

ጊዜ የማይጠብቀው ማሳ

ለቡና ከተሞች ይበልጥ የሚቀርበው ሌላው ልማድ የእርሻ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እስከ 2020 መጨረሻ በፌስቡክ ላይ የቆየው «ፋርምቪል»፣ ከዚያም በ2012 የወጣው «ሄይ ዴይ» ልጁን ባለማሳ ያደርጉታል። ሰብሉ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ይደርሳል፤ መጠበቅ የሰለቸው ተጫዋች ደግሞ ከፍሎ ጊዜውን ያሳጥራል። እዚህ ላይ የሚደጋገመው ሐሳብ ጊዜ የሚሸጥ ዕቃ ነው የሚል ነው።

በጎማና በሊሙ ያደገ ልጅ የሚያውቀው እውነት ከዚህ የራቀ ነው። የቡና ችግኝ ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያውን ፍሬ ለመስጠት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈጅበታል። ጥላ ዛፍ ያስፈልገዋል። እሸት ቡና በአንድ ቀን አይቀላም፤ ለቃሚው የቀላውን ለይቶ ያልቀላውን ትቶ ወደዚያው ዛፍ ደጋግሞ ይመለሳል። ጀንፈሉም በአልጋ ላይ በፀሐይ እስኪደርቅ ይጠበቃል።

ጠላቱም ቢሆን በሠይፍ የሚወድቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 አረንጓዴውን የቡና ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ የፈንገስ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በሽታው የተመከተው በመልኮ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጅማ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በታመመ ማሳ መካከል ጤናማ ሆነው የቆሙትን እናት ዛፎች እየፈለጉ ዘራቸውን ሰብስበው፣ ፈትነውና መርጠው ባገኟቸው ዝርያዎች ነው። ዛሬም ገበሬው 74110 ወይም 74112 ብሎ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን፣ ያመለክታሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለጨዋታ የሚሆን ነገር ሁሉ አለ፤ ባላጋራ አለ፣ ፍለጋ አለ፣ ሀብት አለ። የሌለው ዘንዶና ሠይፍ ብቻ ነው። ድሉ የተገኘው በመግደል ሳይሆን በማስተዋል፣ በአንድ ጀግና ሳይሆን በብዙ ሰው ትዕግሥት ነው። ደን የአውሬ መደበቂያ ብቻ ሆኖ በሚታይባቸው ጨዋታዎች ያደገ ልጅ ደኑ የመድኃኒቱ ምንጭ እንደሆነ የሚነግረው ሌላ አንደበት ያስፈልገዋል።

የእግር ኳሱም ጨዋታ በሌላ መንገድ ከዚህ ይመደባል። በየፕሌይስቴሽን ቤቱ ተፈላጊ በሆነው በዚህ ጨዋታ የሰው ችሎታ ከመቶ በሚሰጥ ነጥብ ይለካል። በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን የሆነው ጅማ አባ ጅፋር ግን ከፋብሪካ በወጣው ጨዋታ ውስጥ ነጥብ ቀርቶ ስሙም አይገኝም። የጅማ ልጅ የማንችስተርን ተቀያሪ ተጫዋች ፍጥነት በቁጥር ያውቃል፤ በከተማው ስታዲየም የሮጠውን ግን የሚያውቅበት ሰሌዳ የለውም።

ገበጣ እንደ ማነጻጸሪያ

በዚህ ሁሉ መካከል ገበጣን ማስታወስ ይገባል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን በርካታ የገበጣ ዓይነቶች መዝግቧል። በገበጣ ነፍስ የለም፣ አውሬ የለም፣ አሳዳጅም የለም። ጠጠሩ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ተጫዋቹ ለማሸነፍ በባላጋራው ጉድጓድ ውስጥ ጭምር መዝራት አለበት። ቀድሞ ያልቆጠረ ይሸነፋል። ለጨዋታው መብራትም ሳንቲምም አያስፈልግም፤ ለጠጠሩ የቡና ፍሬ ይበቃል።

ገበጣ ወደ ስልክ ሲገባ ግን አንድ ነገር ይጎድልበታል። በስልክ በሚካሄዱ የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘራው መሣሪያው ነው፤ ልጁ ጉድጓዱን ይነካል፣ ጠጠሩ በራሱ ይበተናል። ስለዚህ በጣት የመቁጠሩ ትምህርት፣ ማለትም የጨዋታው ግማሽ፣ ይቀራል። የሀገር ባህል መሆኑ ብቻውን ለጥሩነቱ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ ከተዘረዘረው ሁለት ነገር ይከተላል። በመጀመሪያ፣ መምህሩ ጨዋታውን ከመከልከሉ ወይም ከማሞገሱ በፊት ከተማሪዎቹ ጋር ሊያነበው ይችላል። ለዚህም ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ አሳዳጁ ማን ነው፣ ለምንስ ያሳድዳል? ጊዜ በዚህ ጨዋታ ስንት ያወጣል? መጨረሻውስ ምንድን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ልጆቹ ጨዋታውን በቃላቸው ያውቁታልና።

ሁለተኛ፣ የሀገር ጨዋታ ለትምህርት እንዲሠራ የሚያቅድ አካል ከሥዕሉ በፊት ሕጉን ቢያስብ ይጠቅማል። በዶሮ ፋንታ ጉሬዛ፣ በቤተ መንግሥት ፋንታ የጅሬን የአባ ጅፋር ግቢ ቢሣል፣ ሦስቱ ነፍስና ማብቂያ የሌለው ሩጫ እንዳሉ እስከቆዩ ድረስ የተለወጠው ግድግዳው ብቻ ነው። ጤናማውን ዛፍ ከታመመው ለይቶ ማግኘትን፣ ዘሩን ጠብቆ ማብዛትን፣ ተራ መቀበልንና ለሌላው ጉድጓድ መዝራትን ሕጉ ያደረገ ጨዋታ ግን የቡና አገር ልጅ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዕውቀት መልሶ ለእርሱ ያስረክበዋል። እንዲህ ያለው ጨዋታ በማያ ገጽ ላይ እስኪሠራ መጠበቅም ግድ አይደለም፤ በካርቶንና በአንድ ጭብጥ የቡና ፍሬ በማንኛውም የአራተኛ ክፍል ሊጀመር ይችላል።