«የምሰሶ መጋዝ» ወይስ «ባለዘንግ መጋዝ»? በአንድ የአጠቃቀም መመሪያ ትርጕም ላይ የቀረበ ሒስ

የቴክኒክ ጽሑፍ ትርጕም ሲተች አብዛኛውን ጊዜ የሚነቀሰው የሌላ ሰው ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ግን ጸሐፊው ራሱ የተረጐመው አንድ አነስተኛ መመሪያ ነው። አንድ ጎረቤቴ በግቢው የሚገኙትን የአቮካዶና የግራቪሊያ ዛፎች ለማስመልመል ሲል፣ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ የሰንሰለት መጋዝ የተገጠመለትንና በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ገዛ። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ፣ አትክልተኛው እንዲጠቀሙበት ወደ አማርኛ እንድመልሰው ጠየቀኝ፤ በሁለት ምሽት ጨርሼ ሰጠሁት። አትክልተኛው ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ንባብ የማያስቸግራቸው ሰው ናቸው። ረቂቁን ፊት ለፊቴ ጮክ ብለው ሲያነቡ በየመስመሩ ይጠይቁኝ ጀመር። ከጥያቄዎቻቸው አብዛኞቹ ስለ መሣሪያው አልነበሩም፤ ስለ አማርኛዬ ነበሩ።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከስያሜው ነው። የእንግሊዝኛው «ፖል» የመብራት ምሰሶንም፣ ተራ ዘንግንም ያመለክታል፤ እኔም ሳላመዛዝን «የኤሌክትሪክ የምሰሶ መጋዝ» ብዬ ጻፍሁ። አትክልተኛው ርእሱን እንዳነበቡ፣ «የመብራት ፖል ልንቈርጥበት ነው እንዴ ዶክተር?» አሉኝ። ሳቅን፤ ነገር ግን የተሳሳቱት እሳቸው አልነበሩም። በአማርኛ «የእንጨት መጋዝ» እንጨት የሚቈርጥ፣ «የብረት መጋዝ» ብረት የሚቈርጥ ነው። በዚሁ ሥርዐት «የምሰሶ መጋዝ» ምሰሶ የሚቈርጥ ከመሆን በቀር ሌላ ፍች አይኖረውም። በ«የ» ፈንታ «ባለ» ሲገባ ግን፣ ቃሉ መሣሪያው የሚቈርጠውን ሳይሆን ያለውን ነገር ይናገራል። «ባለዘንግ መጋዝ» ያልሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከመብራት መስመር መራቅን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዝ መመሪያ፣ በርእሱ መሣሪያውን ከመብራት ምሰሶ ጋር ማቈራኘቱ ቀላል ጥፋት አይደለም።

ሥራውን ለሚገልጸው ግስ ብዙ አልደከምሁም። ቅርንጫፍ ይመለመላል፣ አጥር ይከረከማል፤ መግረዝም ቢሆን ለተክል ይነገራል። አትክልተኛው «መመልመል» ሲሉ ሰማሁ፤ ያንኑ ያዝሁ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ «ሥር» የሚለው ቃል ነው። ከበድ ያለ ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ ከተቈረጠ፣ መጋዙ ገና አጋማሹን ሳያልፍ በራሱ ክብደት ይዘነጠላል፤ ሲዘነጠልም ከግንዱ ላይ ልጡን ገሽልጦ ይወርዳል፣ የሚወድቅበትንም አቅጣጫ መገመት ያስቸግራል። ይህ እንዳይሆን አስቀድሞ ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከውፍረቱ እስከ ሲሶው ብቻ ይገዘገዛል፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቈረጣል፤ ቅርንጫፉ ከወደቀ በኋላ የቀረው አጭር ቍራጭ፣ ከግንዱ ጋር የሚጋጠምበት እብጠት ሳይነካ ይነሣል። እኔ የመጀመሪያውን ደረጃ የተረጐምሁት «በቅድሚያ ቅርንጫፉን ከሥሩ ይቍረጡ» በማለት ነበር። አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው «ከሥሩ ቈረጠው» ሲባል የሚረዳው፣ ከበቀለበት ከመነሻው ቈርጦ ጣለው ማለትን ነው። እንግዲህ ረቂቁ ከታች በኩል ጥቂት ብቻ እንዲገዘገዝ ማለት ሲገባው፣ ቅርንጫፉ ከመነሻው ባንድ ጊዜ እንዲጣል አዘዘ፤ ትእዛዙ ሊከለክለው የታሰበውን አደጋ ራሱ ጠራው ማለት ነው። ወረድ ብሎ ደግሞ «ከሚቈረጠው ቅርንጫፍ ሥር አይቁሙ» የሚል አለ። እዚህ ላይ «ሥር» መነሻ ሳይሆን ታች ነው። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል ሁለት ቦታ ሲያሳይ፣ አንባቢው በየትኛው ይመራ?

አትክልተኛው ብዙ ሳያስቡ፣ «መጀመሪያ በሆዱ በኩል፣ ኋላ በጀርባው በኩል ቢሉትስ?» አሉኝ። መዝገበ ቃላት እያገላበጥሁ ያላገኘሁትን ነው የሰጡኝ። ራስጌና ግርጌ ከራስና ከእግር፣ ደጃፍም ከደጅና ከአፍ እንደ ወጡ የሚያስታውስ ሰው፣ ለቅርንጫፍ ሆድና ጀርባ መስጠት ከቋንቋው ልማድ ውጭ ነው አይልም። ሁለተኛውም ዓረፍተ ነገር «ቅርንጫፉ ከሚወድቅበት ቦታ አይቁሙ» ተብሎ ታረመ።

«ማራዘሚያ»ም እንዲሁ ሁለት ቦታ ገብቶ ነበር፤ አንድ ጊዜ ለኤሌክትሪኩ ገመድ፣ ሌላ ጊዜ ዘንጉ ላይ ለሚሰካው ተጨማሪ ክፍል። «ማራዘሚያውን ሳይነቅሉ ሰንሰለቱን አይንኩ» የሚለውን ያነበበ ሰው፣ ዘንጉን አሳጥሮ ገመዱን እንደ ተሰካ ሊተወው ይችላል። ለገመዱ «ኤክስቴንሽን»ን መለስሁ፤ ለዘንጉ «መቀጠያ» አልሁ። ውሰት ቃል የሚከብዳቸው የሙያ ባልደረቦቼ እንደሚቃወሙኝ ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ በየሱቁ የሚጠራበትን ስም አንሥቶ ለሌላ ነገር ባስፈለገ ቃል መተካት፣ እጅ በሚቈርጥ መሣሪያ ላይ መሞከር የሌለበት የቋንቋ ልማት ነው።

ከዚህ የከበደው ስለ ዘንጉ የተጻፈው ነው። የእንግሊዝኛው ማስጠንቀቂያ፣ ዘንጉ ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ ሆኖ አልተሠራም የሚል ሲሆን፣ እኔ «ዘንጉ ያልተሸፈነ ነው» አልሁ። አትክልተኛው ዘንጉን ዳስሰው፣ «ተሸፍኗል እኮ፤ ቀለም ተቀብቷል፣ መያዣውም ጎማ አለው» አሉኝ። እውነት ነበር። ዘንጉ አሉሚኒየም ነው፤ ቀለሙም ሆነ ጎማው 220 ቮልት ከተሸከመ ሽቦ ቀርቶ፣ በየሠፈሩ ከሚያልፈው የ15 ሺህ ቮልት መስመር የሚያስጥል ነገር አይደለም። መሣሪያው በባትሪ የሚሠራ ቢሆን እንኳ ለውጥ የለውም፤ አደጋው ያለው በመስመሩ እንጂ በባትሪው አይደለምና። ለ«ኢንሱሌሽን» አንድ የአማርኛ ስም ስፈልግ፣ ስሙ ሊናገር የተጠራለትን ነገር ረሳሁት። የስም አቻ በስም ይመለስ የሚለው ልማዳችን በመዝገበ ቃላት ውስጥ ይጠቅማል፤ በማስጠንቀቂያ ላይ ግን «ዘንጉ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል» ከማለት የሚቀድም የለም።

ርቀትን የሚመለከተው ክፍል የሰዋስው ችግር አለበት። «በሥራ ጊዜ 15 ሜትር ይራቁ» ብዬ ነበር። «ይራቁ» የአክብሮት ትእዛዝም፣ የሩቅ ብዙም ነው። የሚርቀው መጋዙን የያዘው ነው ወይስ ልጆቹና ተመልካቾቹ? ባለቤቱ ካልተጻፈ ግሱ ብቻውን አይለየውም። የመስመሩን ርቀት በተመለከተም በእጄ ያሉት መመሪያዎች በቍጥር አይስማሙም፤ አንዱ 3 ሜትር፣ ሌላው 15 ሜትር ይላል። ተርጓሚው ቍጥሩን እንዳገኘው ማስተላለፍ ሲኖርበት፣ ከምን እስከ ምን እንደሚለካ ግን መጻፍ አለበት። ሰውዬው መስመሩን በ3 ሜትር ርቆ ቢቆም፣ የያዘው ዘንግ ያንን ርቀት ዘልቆ መስመሩን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ «ከመጋዙ ጫፍ፣ ከዘንጉና ከሚቈረጠው ቅርንጫፍ እስከ ሽቦው» ተብሎ ተዘረዘረ።

የመጋዙ አፍንጫ ጠጣር ነገር ሲነካ ሰንሰለቱ መሣሪያውን ባንድ አፍታ ወደ ያዘው ሰው ይመልሰዋል። እኔ «የኋልዮሽ ምት» ብዬው ነበር፤ ሁለት ጊዜ አንብበው ዝም አሉ። ምን ማለት እንደ ሆነ በእጄ ሳሳያቸው፣ «ይራገጣል ማለትዎ ነዋ!» አሉ። ኳስ ይነጥራል፣ ፍንጣሪ ይፈናጠራል፤ በያዘው ሰው ላይ በራሱ ጕልበት የሚነሣ ግን እንደ በቅሎ ይራገጣል። «ርግጫ» በረቂቁ ገባ፤ ዘንጉን በሁለት እጅ መያዝ፣ መሰላል ላይ አለመውጣት የሚሉትም ከእሱ ቀጥለው ሰፈሩ፤ ምክንያታቸው እሱ ነውና።

ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጠፍጣፋ ብረት «ምላስ» ብለውታል፤ እኔ «መሪ ብረት» ብየው ነበር። በዚህ ገና አልተስማማንም። ለጊዜው ረቂቁ ሁለቱንም ይዟል። ዘንጉ ላይ ግን፣ ከመያዣው ከፍ ብሎ፣ «ይህ ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል» የሚለው ወረቀት ተለጥፎበታል፤ የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ።