ስለ ብቸኛው ጎልማሳ

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ፣ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንኳ ታሪኩን ያውቀዋል። ያላነበበው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቷል፤ ያልሰማውም ከሰማው ሰው ተነግሮታል። ነገር ግን ስለ መጽሐፉ የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ይመልሳል። አንዱ «የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ነው» ይላል፤ ሌላው «የባላባትን ትዕቢት የሚነቅፍ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። እኔ ግን በጎልማሳነቴ ያነበብሁትን መጽሐፍ ጠጕሬ ከሸበተ በኋላ እንደ ገና ባነበብሁት ጊዜ ሦስተኛ ነገር አገኘሁበት። ይኸውም፣ ሰዎች በመካከላቸው ብቻውን የቆመውን ጎልማሳ እንዴት እንደሚያዩት፣ ምን እንደሚሰጡትና ምን እንደሚነፍጉት የሚመረምር መጽሐፍ መሆኑ ነው። ወጣቱ አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ነገር አብረን እንድንመለከተው እፈልጋለሁ።

የበዛብህ ብቸኝነት የጀመረው በጥላቻ አይደለም፤ በፍቅር ነው። ማንኩሳ የተወለደው ይህ ልጅ እንዳይሞትባቸው የፈሩት ወላጆቹ፣ በሕይወት ቢቆይላቸው ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን ሲያገለግል እንዲኖር በስለት ሰጡት። ከዚህ የበለጠ የወላጅ ፍቅር ከየት ይገኛል? ይሁን እንጂ ስለቱ የተነገረው ልጁ «እሺ» ወይም «እምቢ» ለማለት ሳይችል ነው። አድጎ ልቡ ሌላ ነገር በተመኘ ጊዜ፣ ምኞቱን ለማን ይንገረው? ለወላጆቹ ቢነግራቸው ውለታ በል ይሆንባቸዋል። ለንስሓ አባቱ ቢነግር ስለት አፍራሽ ይባላል። ስለዚህ ዝም አለ። ብዙ ጎልማሶች ዝም የሚሉት የሚወዳቸው ስላጡ አይደለም። የሚወዳቸው ሰው ስለ እነርሱ የቈረጠውን ነገር ለማፍረስ ስለሚፈሩ ነው።

በዛብህ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ዲማ ሲመጣም ማንም አልጠላውም። ካህናቱ ድምፁን ወደዱት። ፊታውራሪ መሸሻም ለትምህርቱ ብለው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ንባብና ጽሕፈት እንዲያስተምር አደረጉት። ሁሉም ከእርሱ የሚፈልገውን አገኘ። «አንተስ ምን ትሻለህ?» ያለው ግን ከአንድ ሁለት ሰው በቀር አልነበረም። ድምፁን አገሩ ሁሉ ሰማው፤ ልቡን የሰማው አልነበረም። ቁጣው የመጣው ይህ ድምፀ መልካም አስተማሪ እንደ ሰው ሁሉ መውደዱ በታወቀ ጊዜ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ፊታውራሪ በቤታቸው የሚያዩት መምህር እንጂ ጎልማሳ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን ኑሮ ሁሉ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በዛብህ ያለፈበት የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት፣ ከዘመዱ የተለየውን ልጅ የሚደግፍበት ብልኀት ነበረው። የቆሎ ተማሪ ብዙ ጊዜ አባትና እናቱን ትቶ፣ አንዳንዱም ተሰውሮባቸው፣ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። ውሻ ይነክሰዋል፤ እከክና ረኀብ ያሠቃዩታል። ነገር ግን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከደጃፍ በቆመ ጊዜ የቤቱ እመቤት ማን እንደ ሆነና ስለ ምን እንደ መጣ ታውቃለች። ለምኖ ያገኘውን ይዞ ሲመለስ አብሮት የሚበላ ጓደኛ አለው። ትምህርቱ ቢከብደው ከእርሱ የቀደመው ተማሪ ያስቀጽለዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ «የኔታ» ብሎ የሚጠራው፣ ስሙንና አገሩን የሚያውቅ፣ ሲያጠፋ የሚቈጣውና ሲታመም የሚጠይቀው አንድ ሽማግሌ አለው። የቆሎ ተማሪ ድኻ ነው፤ ነገር ግን ድኽነቱ ስም አለው፤ ስሙም አያሳፍርም።

አሁን ወደ ጉዱ ካሣ እንምጣ። የዚህ ሰው እውነተኛ ስሙ ካሣ ዳምጤ ነው። የፊታውራሪ ዘመድ ስለሆነ በልደት ከበዛብህ እጅግ ይበልጣል። ግን እርሱም ብቻውን ነው። የአገሩን ልማድ መርምሮ የማይረባውን «አይረባም» ስላለ፣ ሰዎች ቃሉን በቃል ከመመለስ ይልቅ «ጉዱ» የሚል ስም አወጡለት። ወጣቱ አንባቢ ይህን ነገር አጥብቆ ያስተውል። ቅጽል ስም ሰውን ሳይሰሙ ለመኖር ከሁሉ የቀለለው ዘዴ ነው። «ጉዱ» ከተባለ በኋላ ካሣ የተናገረው ሁሉ የጉድ ንግግር ሆነ፤ ሊመልስለት የሚገደድ ሰው ጠፋ። እኛስ ዛሬ ከሰው ተለይቶ የሚቀመጠውን ልጅ «ፈዛዛ»፣ «ሰነፍ»፣ «ዱርዬ»፣ ከዚያም አልፎ «ለቀቅ ያደረገው» እያልን ስንጠራው፣ የዲማ ሰዎች ካደረጉት የተለየ ነገር እያደረግን ነውን?

በዛብህን የተረዳው ይኸው ጉዱ የተባለው ሰው ነው። ብቸኛው ብቸኛውን አወቀው። ይህ የመጽሐፉ እጅግ ውብ ክፍል ነው፤ ብርቱ ወቀሳም አለበት። በአንድ አገር ላይ ሥቃይን የሚያውቅ የተሠቃየ ሰው ብቻ ከሆነ፣ የቀረው ሕዝብ ሥራው ምንድን ነው?

ስለ መጽሐፉ ጕድለትም አንድ ነገር ልናገር። ጉዱ ካሣ ብዙ ይናገራል፤ በዛብህ ብዙ ያዳምጣል። የካሣ ንግግር ጥበብ የተሞላ ነው፤ ነገር ግን ለተጨነቀ ጎልማሳ ከረጅም ምክር ይልቅ ረጅም ማዳመጥ ይጠቅመው ነበር። ሁለተኛም፣ ደራሲው ለበዛብህ የከፈቱለት አንድ በር ብቻ ነው፤ እርሱም ሰብለ ወንጌል ናት። ያ በር ሲዘጋ ሌላ መውጫ አልተገኘም፤ ፍጻሜውም ሦስቱን በአንድ መቃብር ያገናኘ ሆነ። ለልብ ወለድ ይህ ያማረ ፍጻሜ ነው፤ አንባቢንም ያስለቅሳል። ለኑሮ ግን ምሳሌ ሊሆን አይገባም። አንድ ጎልማሳ የልቡን ሸክም ሁሉ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ቢያኖር ለእርሷም ለእርሱም ይከብዳል። ሰብለ ራሷ በአባቷ ኩራት ምክንያት ዕድሜዋ እስኪያልፍ በአጥር ውስጥ የተዘጋች ብቸኛ ነበረች። የእርሷ ብቸኝነት ከእርሱ ይብሳል እንጂ አያንስም። ስለ ወንዶች ልጆች ስናዝን የእኅቶቻቸውን ኀዘን የረሳን እንደ ሆነ፣ ኀዘናችን ግማሽ ይሆናል።

«ብቸኝነት ሰውን ያበረታዋል፤ መነኰሳቱ ብቻቸውን ኖረው ከብረው የለምን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ገዳምን ከሩቅ ያየ ነው። መነኵሴ ወደ ገዳም የሚገባው ፈቅዶ ነው። በገዳሙም አበምኔት አለው፤ አብረውት የሚጸልዩና የሚሠሩ ወንድሞች አሉት። ፈቅዶ መለየትና ሳይፈቅዱ መረሳት በስም እንኳ አንድ አይደሉም።

ይህን ሁሉ ያሳሰበኝ በሰፈራችን የሆነ ነገር ነው። ባለሁበት ግቢ ከሚከራዩት ክፍሎች በአንደኛው አንድ ጎልማሳ ይኖር ነበር። ከገጠር መጥቶ፣ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይፈልግ ነበር። ጠዋት ሲወጣ «እንደምን አደሩ አባባ» ይለኛል፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚህ ያለፈ ቃል አልተነጋገርንም። በመጨረሻው ክረምት ሰውነቱ ሲከሳ አይተናል። ግን «ወንድ ልጅ ነው፤ ይችለዋል» አልን። አንድ ቀን ጠዋት ሳይወጣ ቀረ። ወደ ሐኪም ቤት በወሰድነው ጊዜ ሕመሙ ከርሞበት ኖሮ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ።

የዕድር አባል አልነበረም። ሆኖም ዕድራችን «የማንም ልጅ ቢሆን ልጃችን ነው» ብሎ ድንኳን ተከለ። ሰዉ ተሰበሰበ፤ አስከሬኑም ወደ አገሩ እንዲሄድ ገንዘብ ተዋጣ። ለዘመዶቹ መርዶ ለመላክ በፈለግን ጊዜ ግን የአባቱን ስም የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን ጠፋ። ከኪሱ ከተገኘ ወረቀት ላይ አነበብነው። ኋላ ደግሞ የቤቱ ባለቤት የሦስት ወር ኪራይ ዕዳ እንደ ነበረበትና፣ ስለ ዕዳው ኀፍረት ማታ ማታ ሰው ከተኛ በኋላ ይገባ እንደ ነበረ ነገሩኝ። በዚያ አንድ ምሽት ለሬሳው ያዋጣነው ገንዘብ ከዕዳው ብዙ ይበልጥ ነበር።

ይህን የጻፍሁት ዕድርን ለመንቀፍ አይደለም። ዕድር የሕዝባችን ታላቅ ጥበብ ነው፤ ያለ መንግሥት ትእዛዝ ድኻና ሀብታሙን በአንድ ድንኳን ያስቀምጣል። እኔ የምለው፣ ለሞተው እንዲህ የተጋን ሰዎች ለሚኖረው ትጋት አናጣም ነው። ልባችን ደግ ነው፤ ነገር ግን ደግነታችን ጥሩንባ እስኪነፋ ይጠብቃል። ጎልማሳው ደግሞ አባል ለመሆን ቤት፣ ትዳርና የወር መዋጮ ስለሌለው፣ ድጋፍ በሚያሻው ዕድሜ ከድጋፍ ውጭ ሆኖ ይቈያል።

ንግግራችንም ያግዘናል ወይም ያጠፋናል። «የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ይፈስሳል» እንላለን። «ሆድ ካገር ይሰፋል» እንላለን። እነዚህ አባባሎች የተነገሩት ትዕግሥትን ለማስተማር ነው፤ ያለ መጠን በተደጋገሙ ጊዜ ግን ዝምታን የወንድነት ምልክት ያደርጉታል። አባቶቻችን ይህን ብቻ አላሉም፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ልጆቻችንን ስናሳድግ የፊተኛውን ነግረን የኋለኛውን ለምን እንተዋለን?

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2025 ባወጣው ዘገባ ከ6 ሰዎች 1ዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ አስታውቋል። የዚሁ ድርጅት የ2019 ቍጥር ደግሞ፣ በዓለም ላይ ራሳቸውን የሚያጠፉ ወንዶች ልክ ከሴቶቹ ከእጥፍ በላይ መሆኑን ያሳያል። ባለጸጎቹ አገሮች ሐኪምና መኪና ሳያጡ ይህ የደረሰባቸው፣ ሰውን የሚጠይቅ ሰው በመካከላቸው ስላነሰ ጭምር ነው። እኛ ሐኪም ያነሰን ሰዎች መጠያየቅን ብንተው ምን ይቀረናል?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለትልልቆቹ የምለው አጭር ነው። በግቢያችሁ ያለውን ጎልማሳ የአባቱን ስም ጠይቁት። በቡና ሰዓት ጥሩት። ሥራ ባትሰጡት ወሬ ስጡት፤ ምክር ከመስጠታችሁ በፊትም አዳምጡት። ዕድሮችና ማኅበራት ትዳር የሌለውን ወጣት በትንሽ መዋጮ የሚቀበሉበትን ደንብ ቢያወጡ፣ ከድንኳናቸው አንድ ሸራ አይቀንስም።

ለአንተም፣ ጎልማሳው አንባቢዬ፣ አንድ ቃል አለኝ። ብቸኝነት ኀጢአት አይደለም፤ ነገር ግን ለመክፋት ፈቃድ አይሰጥም። ሰው አልተረዳኝም ብሎ ዓለምን መጥላት ዕዳውን ለማያውቁት ማስከፈል ነው። ከምታምነው አንድ ሰው ጋር ተነጋገር፤ ሐሳብህ ጨልሞ እንቅልፍ ከነሣህ ጠበልም ሐኪምም ሳታፍር ጠይቅ። ሁለቱ አይጣሉም። ራስህም የታመምህ ብትሆን፣ ከአንተ አጠገብ ያለው ክፍል የማን እንደ ሆነ እወቅ። ካሣ ዳምጤ በዛብህን ያገኘው ራሱ ደስ ብሎት ስለ ነበረ አይደለም።

«የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለውን ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። ነገር ግን መድኃኒት ከሞት በኋላ ቢመጣ ስሙ መድኃኒት አይባልም። በግቢያችን ያ ክፍል ዛሬ ሌላ ልጅ ተከራይቶታል። የመጣ ዕለት ማታ በሩን አንኳኳሁና የአባቱን ስም ጠየቅሁት።